የወይን ፍሬ ማሳሳት፦ ለምርት ጥራት የሚሰጠው ጥቅምና ከፍሬ መሰንጠቅ ጋር ያለው ግንኙነት
ለገራዶና ለአካባቢው አልሚዎች የተዘጋጀ ማብራሪያ

የወይን ሐረግ ሊያበስለው ከሚችለው በላይ ዘለላ የመያዝ ጠባይ አለው። በአበባው ወቅት በዘለላ ተሞልቶ የታየ ሐረግ በመከር ወቅት ቀለሙ ያልሞላ፣ ጣዕሙ የኮመጠጠና ለገበያ የማይመች ፍሬ ሊሰጥ ይችላል። በሌላ በኩል በደንብ የበሰለና የጣፈጠ ፍሬ ከመለቀሙ ጥቂት ቀናት በፊት ዝናብ ሲያገኘው ተሰንጥቆ ሊበላሽ ይችላል። የመጀመሪያውን ችግር ለመፍታት ከሚያገለግሉ ዘዴዎች ዋነኛው ፍሬ ማሳሳት ነው። ሆኖም ማሳሳት በትክክለኛው ጊዜና መጠን ካልተከናወነ ሁለተኛውን ችግር ሊያባብስ ይችላል። ይህ ማብራሪያ የሁለቱን ግንኙነት በማስረዳት፣ በልግና ክረምት በሚፈራረቁባቸው እንደ ገራዶ ባሉ የደቡብ ወሎ አካባቢዎች ወይን ላለሙ ወይም ለማልማት ላሰቡ ዜጎች ተግባራዊ መረጃ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው።

ፍሬ ማሳሳት ምንድን ነው?

ፍሬ ማሳሳት ማለት ከሐረጉ ላይ የተወሰኑ ዘለላዎችን፣ ወይም ከአንድ ዘለላ ላይ የተወሰኑ ፍሬዎችን፣ ገና ሳይበስሉ ቆርጦ ማስወገድ ነው። ከግረዛ የሚለይ ተግባር ነው። ግረዛ ሐረጉ ስንት ቀንበጥ እንደሚያወጣ የሚወስን ሲሆን፣ ማሳሳት ደግሞ ከወጡት ቀንበጦች ላይ ስንት ዘለላ ለመብሰል እንደሚቆይ ይወስናል። ማሳሳት በሦስት ጊዜያት ሊከናወን ይችላል፤ እነዚህም አበባው ከመፈንዳቱ በፊት፣ ፍሬው እንደተቋጠረ እና ፍሬው መለስለስና ቀለም መያዝ ሲጀምር ናቸው። እያንዳንዱ ጊዜ በፍሬው ላይ የሚያስከትለው ውጤት የተለያየ ነው።

ማሳሳት የፍሬን ጥራት የሚያሻሽለው እንዴት ነው?

በወይን ፍሬ ውስጥ የሚከማቸው ስኳር የሚዘጋጀው በቅጠል ነው። ስለሆነም የአንድ ሐረግ የማብሰል አቅም የሚለካው በያዘው ዘለላ ብዛት ሳይሆን ፀሐይ በሚያገኘው የቅጠል ስፋት ነው። በወይን ልማት ዘርፍ በስፋት የሚሠራበት መመዘኛ እንደሚያሳየው አንድ ኪሎ ግራም ፍሬ በሚገባ እንዲበስል ከ0.8 እስከ 1.2 ካሬ ሜትር የሚደርስ ብርሃን የሚያገኝ ቅጠል ያስፈልገዋል። ይህም በቀላል አቆጣጠር ሲገለጽ፣ ከ150 እስከ 200 ግራም ለሚመዝን አንድ ዘለላ ከ12 እስከ 15 ጤናማ ቅጠል ማለት ነው።

ለአብነት 4 ካሬ ሜትር ቅጠል ያለው ሐረግ እንውሰድ። ይህ ሐረግ እያንዳንዳቸው 150 ግራም የሚመዝኑ 40 ዘለላዎች ቢይዝ ጠቅላላ ሸክሙ 6 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ ቅጠሉ ግን በሚገባ የሚያበስለው 4 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። በዚህ ሁኔታ 4 ኪሎ ግራሙ በስሎ ሁለቱ ጥሬ አይሆንም። ስኳሩ ለሁሉም ስለሚከፋፈል ስድስቱም ኪሎ ግራም ሳይጣፍጥ ይቀራል። በአንጻሩ ዘለላዎቹ ወደ 20 ቢቀነሱና የቀሩት እያንዳንዳቸው ወደ 200 ግራም ቢያድጉ፣ 4 ኪሎ ግራም የበሰለና ቀለሙ የሞላ ፍሬ ይገኛል። ዘለላው በግማሽ ሲቀንስ ምርቱ በግማሽ የማይቀንሰው የቀሩት ፍሬዎች ስለሚፋፉ ነው።

ይህን ጉዳይ በወይን ላይ አሳሳቢ የሚያደርገው ሌላም ምክንያት አለ። ሙዝ፣ ማንጎና አቮካዶ ጥሬያቸውን ተለቅመው በማቆያ ሊበስሉ ይችላሉ። ወይን ግን ከሐረጉ ከተቆረጠ በኋላ አይበስልም፤ ጣዕሙም አይሻሻልም። ስለዚህ ጥራቱ የሚወሰነው ፍሬው ሐረጉ ላይ ባለበት ጊዜ ብቻ ነው።

ማሳሳት ከጥራት በተጨማሪ ጊዜን ያተርፋል። ሸክሙ የቀለለ ሐረግ ከመጠን በላይ ከተሸከመው ቀድሞ ፍሬውን ያበስላል። የበልግ ዝናብ በመከር ወቅት ሊደርስ በሚችልባቸው አካባቢዎች ይህ ቀዳሚነት ምርቱን ከጉዳት ለማዳን ወሳኝ ሊሆን ይችላል።

የወይን ፍሬ የሚሰነጠቀው ለምንድን ነው?

ፍሬ የሚሰነጠቀው በውስጡ ያለው ግፊት ልጣጩ ሊቋቋመው ከሚችለው በላይ ሲሆን ነው። ቲማቲም የሚያለሙ አርሶ አደሮች ይህን ክስተት ያውቁታል፤ ቀይ የሆነ ቲማቲም ከድርቀት በኋላ ድንገት ብዙ ውኃ ሲያገኝ ልጣጩ ይተረተራል። በወይንም ላይ የሚደርሰው ተመሳሳይ ነው። ዋና ዋና ምክንያቶቹም የሚከተሉት ናቸው፦

1. ድንገተኛ የውኃ ለውጥ፦ አፈሩ ለረጅም ጊዜ ደርቆ ከቆየ በኋላ ከባድ ዝናብ ሲጥል ወይም ብዙ የመስኖ ውኃ ሲለቀቅ ፍሬው በፍጥነት ያብጣል።

2. በልጣጩ በኩል የሚገባ ውኃ፦ ዝናብ ወይም ጤዛ በፍሬው ላይ ለሰዓታት ሲቆይ ውኃው በልጣጩ በኩል ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ስኳር ውኃን ስለሚስብ በስኳር የበለጸገ የበሰለ ፍሬ ከጥሬው ይበልጥ ተጋላጭ ነው።

3. የዘለላው መጠጋጋት፦ ፍሬዎች በአንድ ዘለላ ላይ እጅግ ሲጠጋጉ እየወፈሩ በሄዱ ቁጥር እርስ በርስ ይጫጫናሉ፤ በሚነካኩበት ቦታ ልጣጩ ስስ ይሆናል፤ ውኃም በመካከላቸው ይቋጥራል።

4. ቀደም ሲል የደረሰ የልጣጭ ጉዳት፦ ነጭ ዱቄት የመሰለው የሻጋታ በሽታ በለጋ ፍሬ ላይ ሲወጣ ልጣጩ የመለጠጥ ችሎታውን ያጣል። ፍሬው ሲያድግ ልጣጩ አብሮት ማደግ ስለማይችል ይሰነጠቃል።

5. የዝርያ ልዩነት፦ ልጣጫቸው ስስ የሆነና ዘለላቸው የተጠጋጋ ዝርያዎች በይበልጥ ይጠቃሉ።

የተሰነጠቀ ፍሬ ጉዳቱ በራሱ ላይ ብቻ አይቆምም። የሚፈሰው ጭማቂ ንቦችን፣ ተርቦችንና ዝንቦችን ይስባል፤ ሻጋታና የመኮምጠጥ ብስባሴም ወደ ጤናማዎቹ ፍሬዎች ይዛመታል። በዚህም ምክንያት ጥቂት ፍሬዎች የተሰነጠቁበት ዘለላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሊበላሽ ይችላል።

ማሳሳት መሰንጠቅን ይቀንሳል ወይስ ያባብሳል?

ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ በሚወገደው ክፍልና በሚወገድበት ጊዜ ላይ የተመሠረተ ነው።

ከዘለላው ውስጥ ፍሬዎችን ማሳሳት፣ ማለትም የዘለላውን ጫፍ ወይም ጎን መቁረጥና የተጨናነቁትን ማውጣት፣ መሰንጠቅን ይቀንሳል። የቀሩት ፍሬዎች ለማደግ ቦታ ያገኛሉ፤ አየር በመካከላቸው ስለሚያልፍ ከዝናብ በኋላ ቶሎ ይደርቃሉ።

ሙሉ ዘለላዎችን ማስወገድ ግን ሁለት ገጽታ አለው። በመጠኑ ሲሆን ጥራትን ያሻሽላል፤ የመብሰያ ጊዜውንም ያፋጥናል። ከመጠን ሲያልፍ ወደ ሐረጉ የሚገባውን ውኃ የሚጋሩት ፍሬዎች ቁጥር ያንሳል፤ እያንዳንዱ ፍሬ በይበልጥ ይፋፋል፤ ልጣጩም ይወጠራል። ተመሳሳይ ባሕርይ በቼሪ ፍሬ ላይም በጉልህ ይታያል፤ ጥቂት ፍሬ የያዘ የቼሪ ዛፍ ፍሬው ትልቅና ጣፋጭ ቢሆንም ለዝናብ ስንጥቅ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። በተጨማሪም ከልክ በላይ የተመናመነ ሐረግ ኃይሉን ወደ ቅጠልና ቀንበጥ ስለሚያዞር ጥላው ይበዛል፤ ዘለላዎቹም እርጥበት እንደያዙ ይቆያሉ።

ጊዜውም ለውጥ ያመጣል። አበባው ከመፈንዳቱ በፊት ወይም ፍሬው እንደተቋጠረ የሚከናወን የዘለላ ቅነሳ የቀሩት ፍሬዎች ይበልጥ እንዲወፍሩ ስለሚያደርግ ዘለላው ሊጠጋጋ ይችላል። ፍሬው ቀለም መያዝ ሲጀምር የሚከናወነው ቅነሳ ግን በፍሬው ውፍረት ላይ ያን ያህል ተጽዕኖ የለውም፤ ነገር ግን እስከዚያ ድረስ ሐረጉ ለሚወገዱት ዘለላዎች ምግብ አባክኗል። በመሆኑም ቀደም ብሎ ዘለላ የቀነሰ አልሚ ከዘለላው ውስጥ ፍሬ ማሳሳትንና የተመጣጠነ የውኃ አሰጣጥን አብሮ መተግበር ይኖርበታል።

በአጭሩ፣ ማሳሳት የፍሬውን ጥራት ከፍ ያደርጋል፤ ከፍ ያለውን ጥራት እስከ ለቀማ የሚጠብቀው ግን የውኃ አያያዝ ነው።

የገራዶ የአየር ጠባይና የግረዛ ጊዜ

ገራዶ ከደሴ ከተማ አጠገብ የሚገኝ፣ በመስኖ አትክልት የሚለማበት ሸለቆ ነው። አካባቢው የበልግና የክረምት ዝናብ ያገኛል። የክረምቱ ዝናብ በሐምሌና በነሐሴ ይበረታል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር በአመዛኙ ደረቅ ነው፤ የበልግ ዝናብ ደግሞ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ይጠበቃል። ይህ ሁኔታ ወይን በስፋት ከሚለማባቸው የሀገራችን አካባቢዎች የተለየ ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2014 ወይን ጠጁን ለገበያ ያቀረበው የካስቴል ኩባንያ የወይን እርሻ የሚገኘው በስምጥ ሸለቆ በዝዋይ (ባቱ)፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1650 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሞቃትና ዝናቡ አነስተኛ በሆነ አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ ከ1800 ሜትር በላይ፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2500 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ አላቸው። ስለሆነም የዝዋይን የሥራ መርሐ ግብር እንዳለ ወስዶ በገራዶ መተግበር አይመከርም።

በሀገራችን የወይን ሐረግ ቅጠሉን የሚያረግፍበት ብርቱ የክረምት ቅዝቃዜ ባለመኖሩ፣ አዲስ ቀንበጥ የሚያወጣበትን ጊዜ በዋናነት የሚወስነው ግረዛው ነው። ይህም አልሚው ፍሬው የሚበስልበትን ወቅት በተወሰነ ደረጃ እንዲመርጥ ያስችለዋል። ከግረዛ እስከ ለቀማ ያለው ጊዜ በሞቃት ቆላ ወደ 4 ወር ሲሆን፣ ቀዝቀዝ ባሉ ከፍተኛ ቦታዎች 5 ወር ተኩል ገደማ ሊደርስ ይችላል።

በዚህ ስሌት በሰኔ መጨረሻ የተገረዘ ሐረግ የሚያብበው በክረምቱ ዝናብ ውስጥ ስለሚሆን ለሻጋታ በሽታዎች ይጋለጣል። በኅዳር የተገረዘ ደግሞ ፍሬው የሚበስለው በበልጉ ዝናብ መካከል ነው፤ ይህም ለመሰንጠቅ አመቺ ነው። የተሻለው አማራጭ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንታት መግረዝ ነው። እንዲህ ሲሆን አበባውና የፍሬው እድገት በደረቁ ወራት ይውላል፤ ለቀማውም በየካቲት ይደርሳል። ሆኖም የበልግ ዝናብ ቀድሞ የገባ እንደሆነ በመካከሉ ያለው ርቀት ጥቂት ቀናት ብቻ ሊሆን ይችላል። ሐረጉ ከመጠን በላይ ዘለላ ተሸክሞ መብሰሉ ከዘገየ ፍሬው ለዝናቡ ይቀራል። በገራዶ ሁኔታ ማሳሳት ከጣዕም ባሻገር ከበልግ ለመቅደም የሚያስፈልግ ሥራ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚያድርባቸው የሸለቆው ዝቅተኛ ቦታዎች ለአበባው አደገኛ ስለሆኑ፣ ለወይን ተከላ ቀዝቃዛ አየር የማይተኛባቸው ተዳፋት ቦታዎች ይመረጣሉ።

የማሳሳት ሥራ በቅደም ተከተል

1. አዲስ የተተከለ ሐረግ፦ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ሐረጉ ሥርና ግንድ እንዲያጠነክር የሚወጡትን ዘለላዎች ሁሉ ያስወግዱ።

2. ቀንበጦችን መመጠን፦ ከግረዛ በኋላ ቀንበጦች አንድ ስንዝር ያህል ሲረዝሙ ደካሞችን፣ ከግንዱ ሥር የወጡትንና የተደራረቡትን ይንቀሉ።

3. ዘለላን በቀንበጥ ርዝመት መወሰን፦ አበባው ሊፈነዳ ሲቃረብ ከ30 ሴንቲ ሜትር በታች በሆነ ቀንበጥ ላይ ዘለላ አይተዉ። ከ30 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር በሆነው ላይ አንድ፣ ከዚያ በላይ በሆነው ላይ ቢበዛ ሁለት ዘለላ ይተዉ።

4. ዘለላውን ማስተካከል፦ ፍሬዎቹ የአተር ፍሬ ከማከላቸው በፊት የዘለላውን የታችኛ ጫፍ እስከ አንድ ሦስተኛ ይቁረጡ፤ ወደ ጎን የወጡትን ትከሻዎችና ወደ ውስጥ የተጨናነቁትን ፍሬዎች ያሳሱ። በሚገባ የሳሳ ዘለላ በእጅ ሲያዝ ይተጣጠፋል፤ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ዘለላ ገና አልሳሳም ማለት ነው።

5. ቅጠል መግለጥ፦ ፍሬው እንደተቋጠረ በዘለላው አካባቢ የጠዋት ፀሐይ በሚመጣበት በኩል ጥቂት ቅጠሎችን ያንሡ። ከሰዓት በኋላ ባለው በኩል ግን ፍሬውን ፀሐይ እንዳያቃጥለው ቅጠሉን ይተዉ።

6. የዘገዩትን ማስወገድ፦ አብዛኞቹ ዘለላዎች ቀለም ሲይዙ ገና አረንጓዴ ሆነው የቀሩትን ይቁረጡ። ይህ ፍሬው በአንድ ጊዜ እንዲደርስና ለቀማው እንዳይራዘም ይረዳል።

ለሥራው ንጹሕና ስለታም መቀስ ይጠቀሙ። አንድ ሐረግ ከታመመ መቀሱን ወደ ጤናማው ከመውሰድዎ በፊት ያጽዱ።

የውኃ አያያዝ

ፍሬው ከተቋጠረበት ጊዜ ጀምሮ ውኃ በአነስተኛ መጠንና በተቀራረበ ጊዜ መስጠት ይመከራል። ፍሬው መለስለስ ሲጀምር መጠኑን ቀስ በቀስ መቀነስ ይገባል፤ ነገር ግን ሐረጉ እስኪጠወልግ ማስጠማትና ከዚያ በብዛት ማጠጣት ስንጥቅን በቀጥታ ይጋብዛል።

በተራ የሚደርስ የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች በዚህ ረገድ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። ተራው የሚደርሰው ከብዙ ቀናት በኋላ ከሆነ፣ ብዙ አልሚዎች ዕድሉ እንዳያመልጣቸው ማሳውን በውኃ ይሞላሉ። ለጎመንና ለሽንኩርት የሚስማማው ይህ አሠራር በመብሰል ላይ ላለ ወይን ጎጂ ነው። ስለዚህ ከውኃ አባቱ ወይም ከመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበሩ ጋር በመመካከር አንዱን ረጅም ተራ ለሁለት አጭር ተራ መክፈል ጠቃሚ ነው። የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት የሚቋቋሙትና የሚተዳደሩት በአዋጅ ቁጥር 841/2006 መሠረት ሲሆን፣ አባላት የውኃ አከፋፈል ጥያቄያቸውን ለማኅበራቸው ማቅረብ ይችላሉ።

ከሐረጉ ሥር ገለባ ወይም ደረቅ ሣር ማልበስ የአፈሩ እርጥበት በድንገት እንዳይለዋወጥ ይረዳል። ዝናብ ሲጥል ውኃ ከማሳው እንዲወጣ የሚያስችል ቦይም ቀድሞ መዘጋጀት አለበት።

ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

*ዝናብ ሊጥል መሆኑ ከታወቀ ያልበሰለውን ፍሬ መልቀም ይገባል?*
ለገበያ የደረሰውን ብቻ ይልቀሙ። ለመብል የሚሆን ወይን የስኳር መጠኑ በሪፍራክቶሜትር ሲለካ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ብሪክስ ገደማ ሲሆን ለለቀማ እንደደረሰ ይቆጠራል። መሣሪያው ከሌለ ፍሬውን በመቅመስና ዘሩ ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ መለወጡን በማየት መገመት ይቻላል። ከዘለላው ጫፍ ያለው ፍሬ ዘግይቶ ስለሚጣፍጥ የሚቀመሰው እርሱ ነው።

*የተሰነጠቀ ፍሬ ምን ይደረጋል?*
ዝናቡ እንዳባራ ማሳውን ይጎብኙ። ጥቂት የተሰነጠቁ ፍሬዎችን ከዘለላው በመቀስ ያውጡ፤ በብዛት የተሰነጠቀውን ዘለላ ሙሉ በሙሉ ያስወግዱ። የተወገደውን ከማሳው አርቀው ይቅበሩ። ሻጋታ ያልነካው የተሰነጠቀ ፍሬ በዕለቱ ለጭማቂ ሊውል ይችላል፤ ለማጓጓዝም ሆነ ዘቢብ ለማድረቅ ግን አይሆንም።

*ስንጥቅን የሚከላከል መድኃኒት አለ?*
የተሰነጠቀን ፍሬ የሚመልስ መድኃኒት የለም። ሻጋታን መከላከል ግን የስንጥቅን አንድ መንስኤ ያስወግዳል። ፀረ ተባይ ኬሚካል መጠቀም ሲያስፈልግ በሕግ መሠረት የተመዘገበ መሆኑን ያረጋግጡ፤ በመያዣው ላይ የተጻፈውን መጠንና ከለቀማ በፊት መቆየት ያለበትን የቀናት ብዛት ያክብሩ።

*ዘለላውን በሙሉ ሐረግ ላይ ለመቀነስ ከፈራሁስ?*
ሁለት ወይም ሦስት ሐረጎችን ብቻ አሳስተው ምልክት ያድርጉባቸው፤ ሌሎቹን እንዳሉ ይተዉ። በለቀማ ጊዜ የሁለቱንም ክብደት፣ ጣዕም፣ የደረሱበትን ቀንና የተሰነጠቁትን ብዛት መዝግበው ያነጻጽሩ። የራስዎ ማሳ የሚሰጠው ውጤት ለቀጣዩ ዓመት ውሳኔ ከሁሉ የተሻለ መሠረት ነው።

አገልግሎት ለማግኘት

በቅድሚያ በቀበሌዎ የሚገኘውን የግብርና ልማት ሠራተኛ ወይም የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ያነጋግሩ። ሲሄዱ የሐረጉን ዕድሜና ዝርያ፣ የተገረዘበትን ቀን፣ የውኃ ተራዎን ድግግሞሽ እንዲሁም ችግር ካለ የታመመውን ቅጠል ወይም ዘለላ በንጹሕ ከረጢት ይዘው ቢቀርቡ ምክሩ ለማሳዎ የተስማማ ይሆናል። በስልክ ለመጠየቅ 8028 የተባለው ነፃ የግብርና መረጃ መስመር ያገለግላል። የበልግን መግቢያ አስቀድሞ ለማወቅ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣቸውን የ10 ቀናትና የወቅት ትንበያዎች ይከታተሉ።

ችግኝ ከመግዛትዎ በፊት ዝርያውንና የችግኝ ጣቢያውን ማንነት ያረጋግጡ። በተለይም በመስከረም ለመግረዝ ያሰቡ አልሚዎች፣ የባለሙያ ምክርና የውኃ ተራ ማስተካከያ ጥያቄያቸውን በነሐሴ ወር ውስጥ ቢያቀርቡ ሥራው ሳይስተጓጎል በወቅቱ ለማከናወን ይችላሉ።